በካምፐር መኪናዬ ያለው የጋዝ ጠቋሚ ሌሊት ይጮኻል፤ ጋዝ ግን አይሸትም

የሐይቅ ዳር መንገደኛ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። የመኪና ኤሌትሪክና የጋዝ ዕቃ ጠንቅቃችሁ የምታውቁ ካላችሁ ምክራችሁን እሻለሁ።

ዕቃ ትጭን የነበረች ቫን አለችኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ አናጺና አንድ በያጅ ተጋግዘው ወደ ካምፐር፣ ማለትም ወደ ማደሪያ መኪና፣ ቀየሩልኝ። ከኋላ የሚዘረጋ አልጋ፣ ባለ ሁለት ዓይን የጋዝ ምድጃ፣ ትንሽ ማቀዝቀዣ፣ ከመቀመጫው ሥር ሁለተኛ ባትሪ፣ ጣሪያዋ ላይ ደግሞ የሶላር ሰሌዳ አላት። የጋዝ ጠቋሚውን ጀርመን የምትኖር እህቴ ከአሮጌ ካምፐር ከተፈታ ምድጃ ጋር የላከችልኝ ነው። በ12 ቮልት የሚሠራ፣ መዳፍ የሚያህል ነጭ ሳጥን ሲሆን ከምድጃው ጎን፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ተገጥሟል።

ሲገጠም አረንጓዴ መብራቱ ይበራል እንጂ ድምፅ አልነበረውም። ሰሞኑን ግን በየደቂቃው አንድ ጊዜ ጢት ማለት አመጣ። ባለፈው ደግሞ ቤተሰቤን ይዤ ሐይቅ ዳርቻ ባደርንበት ሌሊት፣ 9 ሰዓት ገደማ፣ ቀይ መብራት አብርቶ ሳያቋርጥ ጮኸ። ልጆቹን በጋቢ ጠቅልለን አወጣን፤ በሮቹን በሙሉ ከፍተን ውጭ ቆምን። ሲሊንደሩን ከመተኛታችን በፊት ዘግቼው ነበር። አሸተትኩ፤ ምንም የለም። ባለቤቴም አሽትታ ምንም አላገኘችም።

ግራ የገባኝ ነገር፣ መኪናዋ ቀን ኮምቦልቻ ቆማ ስትውል ሳጥኑ ጸጥ ይላል። የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ ስንገባና ሲመሽ ነው ጢት ጢቱ የሚጀምረው። አንድ ወዳጄ «የደሴ አየር ስስ ስለሆነ ነው» አለኝ። ጋራዥ ያገኘሁት ሌላ ሰው ደግሞ በካቻቢቴው ሳጥኑን እየጠቆመ «ሽቦውን ቆርጬ ልገላግልህ» አለኝ። እሺ አላልኩትም። ልጆቼ የሚተኙት ከዚያ ሳጥን አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው።

እውነት ጋዝ እየፈሰሰ ነው ወይስ ዕቃው ተበላሽቷል? በምን ልለየው? መቀየር ካለበትስ ምን ዓይነት ልግዛ?

እናት ከሆጤ

ወንድሜ፣ ልጆቹን ቀድመህ ማውጣትህ እሰየው ነው። አንድ ነገር ግን ልንገርህ፤ ስላልሸተተን የለም ብላችሁ አትመኑ። የሲሊንደር ጋዝ በራሱ ሽታ የለውም። የሚሸተን ለጥንቃቄ ተብሎ የሚጨመርበት መርካፕታን የሚባል ነገር ነው። የተኛን ሰው ሽታ አይቀሰቅሰውም፤ ጉንፋን የያዘው አይሸተውም፤ እዚያው ውስጥ የቆየ ሰው ደግሞ አፍንጫው ይለምደዋል። እኔ ቤት የምድጃው ቱቦ ተሰንጥቆ ሲያፈስ፣ ወጥ ላይ ቆሜ ሳለሁ ምንም አልታወቀኝም ነበር። ከውጭ የገባችው ጎረቤቴ ናት ገና ደጃፉ ላይ አፍንጫዋን ይዛ የጮኸችው።

ዳግመኛ ከጮኸ መብራት አታብራ፣ የበራውንም አታጥፋ። ሞተር አታስነሣ። ስልክ የምትደውለው ከመኪናው ርቀህ ነው። በሩን ክፈት፣ ሲሊንደሩን ዝጋ፣ ሰው አውጣ። ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ደግሞ እባክህ ልጆቹን እዚያ አታስተኛቸው።

የኮምቦልቻው ጋዝ ሠሪ

እህታችን የተናገረችው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የሆቴል ወጥ ቤቶችን የጋዝ መስመር እዘረጋለሁ፤ የመኪና ኤሌትሪክም እሠራለሁ። «ቆርጬ ልገላግልህ» የሚል ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል። የጮኸውን መሣሪያ ዝም ማሰኘት ጥገና አይደለም። ወንድሜ፣ እሺ አለማለትህ አስደስቶኛል።

በመጀመሪያ፣ በየደቂቃው አንድ ጊዜ ጢት የሚለውና ቀይ አብርቶ ሳያቋርጥ የሚጮኸው አንድ ዓይነት መልእክት አይደሉም። በአብዛኞቹ መሣሪያዎች ጢት ማለት «እኔ ራሴ ችግር አለብኝ» ማለት ነው፤ ኤሌትሪክ አንሶታል ወይም ዕድሜው አልቋል። ያልተቋረጠው ጩኸት «ጋዝ አለ» ማለት ነው። ይህም ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ የሳጥኑን ጀርባ አንብብ። አንተ ዘንድ ሁለቱም ስለታዩ ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ሊኖሩ ይችላሉ። አንዱን አግኝተህ ሌላውን እንዳትተወው።

ጋዝ እየፈሰሰ ነው ከሚለው እንነሣ፤ እርሱ ሳይጣራ ሌላውን መነካካት አይገባም። የሲሊንደር ጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን ነው፤ ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ፣ ቡቴን ሁለት ጊዜ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ እንደ ውሃ ወለል ለወለል ሄዶ ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛል። ከአየር ጋር 2 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ብልጭታ ይበቃዋል። የአንተ ቫን ውስጧ 10 ሜትር ኩብ ቢሆን፣ 2 በመቶው ወደ 400 ግራም ጋዝ ነው። ሙሉ ሲሊንደር 12 ኪሎ ተኩል ይይዛል፤ እንግዲህ አስበው። ደግሞም ጋዙ እኩል ስለማይሠራጭ፣ ወለሉ ላይ ለመቀጣጠል ከዚያ በጣም ያነሰ ይበቃል። ጠቋሚው ዝቅ ብሎ የሚገጠመውም፣ ጋዙ እዚያ መጠን ላይ ከመድረሱ ብዙ አስቀድሞ የሚጮኸውም ለዚህ ነው።

የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በውሃ በጥብጥ። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁም፤ በሮቹን ክፈት፤ የምድጃውን ዓይኖች ዝጋና ሲሊንደሩን ክፈት። ከዚያ ሬጉላተሩ ሲሊንደሩ ላይ የተገጠመበትን፣ የቱቦውን ሁለት ጫፍ ከነማሰሪያው፣ ቱቦውንም ዳር እስከ ዳር፣ ምድጃው ሥር ያለውን መገጣጠሚያ በብሩሽ ሳሙና ቀባ። ዝም ብለህ ጠብቅ። ትንሽ ፍሳሽ አረፋውን የምታሳየው ቀስ ብላ ስለሆነ አትቸኩል። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው ካየህ ከአጠገቡ ሽሽ። ቱቦው ላይ የተሠራበት ዓመት ታትሟል፤ ስታጥፈው የሚሰነጣጠቅ ወይም የደረቀ ከሆነ ባያፈስም ጣለው።

ሳሙናው ምንም ካላሳየ፣ ሲሊንደሩን ከመኪናው አውርደህ ግቢ ውስጥ አስቀምጥ። መኪናዋን አናፍሰህ ዝጋትና ማንም ሳይተኛባት ትደር። ሲሊንደር በሌለበት መኪና ሳጥኑ ቀይ ከጮኸ፣ የጮኸው በምድጃ ጋዝ አይደለም።

ያኔ የምታየው ሁለተኛውን ባትሪ ነው። ክዳኑ የሚከፈት፣ ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነና ሶላሩ ከመጠን በላይ እየሞላው ከሆነ ሃይድሮጅን ያወጣል። እነዚህ ጠቋሚዎች ሃይድሮጅንንም ይቆጥሩታል። በጣም የተጎዳ ባትሪ ደግሞ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ሰው ያንን የምድጃ ጋዝ ነው ብሎ ቱቦ ሲቀያይር ይውላል። ባትሪውን በእጅህ ዳስሰው፤ ከሞቀ ወይም ጎኑ ካበጠ እርሱም መልስ ነው።

ጢት ጢቱን በተመለከተ ቮልት የሚለካ ቴስተር ያዝ። ባትሪው ላይ ሳይሆን ጠቋሚው ራሱ ሽቦ የሚቀበልበት ቦታ ላይ ለካ፤ ሌሊት፣ ማቀዝቀዣው እየሠራ ሳለ። ቀን ፀሐይ ሶላሩን ስለሚመታ ሁሉም ነገር ጤነኛ ይመስላል። «ኮምቦልቻ ዝም፣ ደሴ ጢት» ያልከው የቀንና የሌሊት ልዩነት እንዳይሆን እጠረጥራለሁ። ኮምቦልቻም አንድ ሌሊት አሳድረህ አዳምጠው።

ስለ ስስ አየር የተባለውን እኔ አልቀበለውም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ልዩነቱ ምድጃውን ይነካዋል፤ ወደዚያ እመለሳለሁ። በየደቂቃው ጢት የሚያሰኝ ግን አይደለም።

በመጨረሻ ሳጥኑን ፈትተህ ጀርባውን ገልብጥ። የተሠራበት ዓመት አለ፤ ብዙዎቹ ላይ መተኪያ ቀንም አለ። ውስጡ ያለው፣ ጋዙን የሚለየው ዳሳሽ ሌት ተቀን እየጋለ የሚሠራ ስለሆነ ያልቃል። ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ነው ዕድሜው፤ ፋብሪካው የጻፈው ከዚህ ካነሰ የፋብሪካውን ተከተል። ምድጃው ከአሮጌ መኪና የተፈታ ነው ስላልክ እኔ ሐሳቤን እዚህ ላይ ጥያለሁ።

ከሰኞ ገበያ

አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ጠላና አረቄ የማዘጋጅ ሰው ነኝ። ወንድሜ ከውጭ ያመጣልኝን እንዲህ ያለ ጠቋሚ ጓዳ ሰካሁት፤ ጠላው ሲፈላ ጮኸ፣ አረቄ ሳወጣማ አላስቀምጥ አለኝ። ቤት ውስጥ የሲሊንደር ጋዝ ጭራሽ አልነበረም። ሽቶ ሲረጭም፣ ዕጣን ሲበዛም ተመሳሳይ ነው። በዚያ ሌሊት መኪናው ውስጥ ምን እንደተረጨ ወይም ምን እንደተከፈተ አስቡ።

የኮምቦልቻው ጋዝ ሠሪ

እውነትዎን ነው። የአልኮል ትነት፣ ሽቶ፣ የፀጉርና የበረሮ መርጫ፣ ትኩስ ቀለም፣ ማስቲሽ ሁሉ ያስጮኸዋል። ከሁሉ የከፋው ግን መስኮት የሚታሸግበት ሲሊኮን ነው። የእርሱ ትነት ዳሳሹን ከጊዜ ብዛት ያደነዝዘዋል፤ መብራቱ አረንጓዴ እንደበራ ጋዙን ሳያይ ይቀራል። ያለ ምክንያት ከሚጮኸው ይልቅ ይህኛው ያስፈራኛል። ካምፐር የምትሠሩ ሰዎች፣ ጠቋሚውን የምትገጥሙት ሲሊኮኑ በደንብ ደርቆ፣ መኪናው ተናፍሶ ካለቀ በኋላ ይሁን።

የሐይቅ ዳር መንገደኛ (ደሴ)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ባሉት ቅደም ተከተል ሄድኩ። የሁላችሁንም ምክር ተጠቅሜያለሁ።

ሳሙናው አንድም ቦታ አረፋ አላወጣም። ቱቦውን ግን ሳጥፈው ውጭ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች አየሁበት፤ ወዲያው አስቀየርኩት። ባትሪው የታሸገ ዓይነት ነው፤ አልሞቀም፣ አላበጠም። በዚያ ሌሊት የተረጨም የተከፈተም ነገር አልነበረም።

ሲሊንደሩን ግቢ አውርጄ መኪናዋ ባዶዋን ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት አደረች። እንደጠረጠሩት ሲመሽ ጢት ጢቱ ጀመረ፤ ሐረጎንም ደሴንም ሳታይ! ማቀዝቀዣው ሲነሣ ባትሪው ላይ 12.2 ቮልት ነበረ፤ ጠቋሚው ጋ ስለካ ግን 10.4 ብቻ። ሽቦውን ተከትዬ ስሄድ፣ የማቀዝቀዣው ሽቦና የጠቋሚው ሽቦ ከግድግዳው ሰሌዳ ጀርባ አንድ ላይ ተጠማዘው በናስትሮ ተጠቅልለው አገኘኋቸው። ናስትሮውን ስፈታው መዳቡ ጠቁሯል፣ አንደኛው ወገን ፕላስቲኩ ቀልጧል። ከልጆቹ ፍራሽ ጀርባ ማለት ነው። ደነገጥኩ።

ከዚያ ጠቋሚውን ነቅዬ ሜዳ ላይ አውጥቼ በቀጥታ ከሌላ ጥሩ ባትሪ ጋር አገናኘሁት። ንጹሕ አየር፣ 12.6 ቮልት። ትንሽ ቆይቶ ቀይ አብርቶ ጮኸ። ጀርባው ላይ የተሠራበት ዓመት እ.ኤ.አ. 2013 ይላል።

ስለዚህ ይቀየር። ደሴ ሱቆች ያገኘሁት ግድግዳ ሶኬት ላይ የሚሰካ የ220 ቮልት ነው። የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 የሚቀይር ኢንቨርተር ስላለኝ እርሱን ብሰካስ?

የኮምቦልቻው ጋዝ ሠሪ

ጎበዝ! ሁለቱንም አገኘሃቸው። ያ የጠቆረ መገጣጠሚያ በራሱ ጊዜ እሳት ያስነሣ ነበር፤ ጢት እያለ የጠራህ ለእርሱ ነው።

የ220 ቮልቱን አትግዛ። ኢንቨርተር ካልበራ አይሠራም፤ ሌሊት ሙሉ ኢንቨርተር ማብራት ደግሞ ባትሪህን ይጨርሰዋል። በዚያ ላይ ለቤት ከሚሸጡት ውስጥ ሜቴን ለሚባለው ሌላ ጋዝ የተሠሩ አሉ። ሜቴን ከአየር ስለሚቀል እነርሱ የሚሰቀሉት ጣሪያ አጠገብ ነው፤ ለሲሊንደር ጋዝ አይሆኑም። የምትፈልገው ጀርባው ላይ 12 ቮልት፣ ኤልፒጂ (የሲሊንደር ጋዝ ማለት ነው) ወይም ፕሮፔንና ቡቴን የሚል ነው። እህትህ ከጀርመን የምትልክ ከሆነ ለካምፐርና ለመሰል ተሽከርካሪ የወጣውን የአውሮፓ ደረጃ፣ ኢኤን 50194-2ን፣ አይታ ትግዛ። የተሠራበትንም ቀን ትመልከት፤ መደርደሪያ ላይ ለዓመታት የተቀመጠ አዲስ አይባልም። ያገለገለ በነጻም ቢሰጥህ አትቀበል።

ስትገጥም አስቀድመህ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታ። ጠቋሚው የራሱ ሽቦ ይኑረው፤ ከባትሪው ተነሥቶ በቀጥታ እርሱ ጋ የሚደርስ፣ ከማቀዝቀዣውም ከመብራቱም ጋር የማይጋራ። ፖዘቲቩ ላይ፣ ባትሪው አጠገብ፣ የ1 አምፔር ፊውዝ አስገባ፤ ዕቃው ራሱ የሚፈልገው 0.1 አምፔር ገደማ ቢሆን ነው። መኪናውን ስታቆም በምታጠፋው ዋና ማጥፊያ በኩል እንዳታሳልፈው፤ ሰው ሲተኛ አብሮት ይተኛል። መገጣጠሚያውን በተርሚናል በፒንሳ አጥብቀህ እሰር ወይም በካውያ በይደው። ናስትሮ መሸፈኛ ነው እንጂ ማያያዣ አይደለም። የማቀዝቀዣውንም ሽቦ ወፈር ባለ ቀይረው።

ቦታው ከወለሉ ከ15 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ባለው ውስጥ ይሁን። ነፋስ የሚያጥበው በር ሥር አይሁን፤ ፍራሽ ወይም መጋረጃ አይሸፍነው፤ የወጥ እንፋሎትና ዘይት በቀጥታ አይድረሰው። ስታጸዳው ደረቅ ጨርቅ ብቻ ተጠቀም፤ አልኮል አታስነካው።

ስታበራው ዳሳሹ እስኪሞቅ ለጥቂት ደቂቃ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሆን ግን አንድ ሙሉ ቀን በርቶ እንዲቆይ አድርገው፤ ከዚያ በኋላ ነው ማመን። የመሞከሪያ ቁልፉ ድምፁና ኤሌትሪኩ መኖሩን እንጂ ዳሳሹ ጋዝ ማየቱን አይነግርህም። ሰዎች ላይተር ከፍተው ጋዙን ጠቋሚው ላይ አስጠግተው ይለቁበታል፤ ያ ንጹሕ ጋዝ ስለሆነ ዳሳሹን ይጎዳዋል። መመሪያው በላይተር መሞከርን የሚፈቅድ ከሆነ፣ ያልተለኮሰ ላይተር ስንዝር ያህል አርቀህ ለአፍታ ብቻ ክፈት፤ በአካባቢው እሳት አይኑር።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ሲሊንደሩ የሚቀመጠው የት ነው? ከምድጃው ሥር ባለው ቁም ሳጥን ከሆነ፣ ቁም ሳጥኑ ወደ መኪናው ውስጥ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ሁሉ ይታሸግ፤ ወለሉ ግን ወደ ውጭ ይበሳ። ጋዝ ቢያመልጥ ወደ መሬት ይውረድ እንጂ ወደ አልጋው አይምጣ። ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ በሐረጎ ጠመዝማዛ እንዳይንገዳገድ በቀበቶ ይታሰር።

የሐይቅ ዳር መንገደኛ (ደሴ)

አዲሱ መጥቶ ተገጥሟል። እህቴ ያሉትን ደረጃ ፈልጋ ነው የገዛችው። የራሱን ሽቦ ዘረጋሁለት፤ አሁን ማቀዝቀዣው ሲነሣም ጠቋሚው ጋ ከ12 ቮልት አይወርድም። የቁም ሳጥኑን ወለል በያጁ በስቶልኛል፤ አይጥ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ አደረገበት። ሲሊንደሩም ታስሯል። አዲሱ ጠቋሚ ደሴ አደረ፣ ሐይቅ አደረ፤ አረንጓዴ ነው።

ምድጃውን በተመለከተ እመለሳለሁ ብለው ነበር። እሳቱ ደሴ ላይ ጫፉ ቢጫ ይሆናል፣ ድስቱንም ያጠቁራል። ደግሞ ባለቤቴ ሌሊት ስለሚበርድ ትንሽ ፍም በከሰል ምድጃ ይዘን ብንገባ ትላለች። አዲሱ ጠቋሚ ስላለን ችግር ይኖረዋል?

የኮምቦልቻው ጋዝ ሠሪ

ፍም አታስገቡ! ይህን የሚያነብ ሁሉ እንዲሰማኝ እፈልጋለሁ። የገጠምከው ጠቋሚ የሚያየው የሲሊንደር ጋዝን ነው። ከሰል ሲነድ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሌላ ነገር ነው፤ አይሸትም፣ አይታይም፣ ጠቋሚህም አይጮኽበትም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድብታ ያመጣል፤ የተኛ ሰው ግን ይህን እንኳ ሳያውቀው ይቀራል። በክረምትና በኅዳር ብርድ በር ዘግተው ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎች ሳይነቁ እንደቀሩ ደሴም ኮምቦልቻም ሰምተን እናውቃለን። መኪና ደግሞ ከክፍል ይጠባል።

ቢጫው እሳትም የዚሁ ወገን ነው። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ምድጃው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ስለሚያንስ ጋዙ ተሟልቶ አይቃጠልም፤ ጥላሸትና ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። የምድጃውን አፍ በመርፌ ሳትነካ በብሩሽ አጽዳ። የአየር መግቢያ ማስተካከያ ካለው ሰማያዊ እስኪሆን ክፈተው። ካልሆነ ምድጃውን ፈትተህ ይዘህልኝ ና። በምታበስሉበት ጊዜ መስኮት ክፍት ይሁን፤ ምድጃውን ለማሞቂያ አትጠቀሙበት።

ለካርቦን ሞኖክሳይድ የራሱ ጠቋሚ አለ፤ ብዙው በራሱ ባትሪ የሚሠራ ስለሆነ ሽቦ አያስፈልገውም። ይህኛው ጋዝ ከአየር ጋር ስለሚቀላቀል ወለል ላይ ሳይሆን የተኛ ሰው በሚተነፍስበት ከፍታ፣ ከትራሱ ብዙም ሳይርቅ ይሰቀላል። እህትህ ስትገዛ፣ ከመክፈሏ በፊት የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥታ ትላክልህ፤ አንተም እዚህ ለጥፈው፣ አይቼ እነግርሃለሁ።